ከሰይፉ በፊት የነበረው ድርድር፦ የካዛኑ ቁል ሸሪፍ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራላችሁ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረ አንድ ታታር፣ ማለትም በቮልጋ ወንዝ አካባቢ ከሚኖረው ሙስሊም ሕዝብ ስለሆነ ሰው ነው። ስሙ ቁል ሸሪፍ ይባላል። የሃይማኖት ሊቅ ነበር፣ ገጣሚ ነበር፣ ተደራዳሪም ነበር። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። አለበለዚያ እኔም እናንተም መምታታታችን አይቀርም።

መጀመሪያ ቦታውን እንያዝ። ካዛን ቮልጋና ካዛንካ የሚባሉ ወንዞች የሚገናኙበት ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከሞስኮ ወደ ምሥራቅ በመኪና 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዛሬ በሩሲያ ውስጥ የታታርስታን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ናት። ያኔ ግን የራሷ ካን፣ ማለትም ንጉሥ ነበራት። ወርቃማው ሆርድ የሚባለው የሞንጎሎች ግዛት ሲፈራርስ ከፍርስራሹ ብዙ ትንንሽ መንግሥታት ወጡ። ካዛን አንዷ ነበረች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ቆማ በ1552 ወደቀች። ከታታሮቹ ሌላ ቹቫሾች፣ ማሪዎችና ኡድሙርቶች ይገብሩላት ነበር። ሀብቷ የቮልጋ ንግድ ነው። የአውሬ ቆዳ፣ ማር፣ ሰምና ባሪያ ይሸጥባት ነበር። ባሪያውን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ከሩሲያ መንደሮች የተማረኩት ሰዎች ጉዳይ ወደ በኋላ ላይ ይመጣል።

ፖለቲካዋ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነበር። አንዱ ወገን ካናችን ከክሪሚያ፣ ከጥቁር ባሕር ዳርቻው የታታር መንግሥት፣ ይምጣ ይላል። ሌላው ከሞስኮ ጋር ተስማምተን እንኑር ይላል። ካን ይመጣል፣ ይባረራል፣ ተመልሶ ይመጣል። የሞስኮ ሰው የነበረው ሻህ አሊ ሦስት ጊዜ ነግሦ ሦስቴም ዙፋኑን ለቋል።

ከካኑ ቀጥሎ የሚከበረው ሰው ሰይዱ ነበር። ሰይድ ማለት ከነቢዩ ሙሐመድ ዘር የሚቆጠር ሰው ነው። በካዛን ደግሞ የሃይማኖት አባቶች ሁሉ አለቃ ነው። ክብሩ ምን ያህል እንደነበር የሚነግረን ሄርበርስታይን የሚባል የኦስትሪያ መልእክተኛ ነው። ሁለት ጊዜ ወደ ሞስኮ ተልኮ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። ሰይዱ በፈረስ ሲመጣ ካኑ ራሱ ወጥቶ ይቀበለዋል ይላል። ካኑ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠውን የሰይዱን እጅ ይነካል። እጁን መንካት የሚፈቀደው ለካኑ ብቻ ነው። መሳፍንቱ ጉልበቱን፣ መኳንንቱ እግሩን ይነካሉ። ተራው ሰው ልብሱን ወይም ፈረሱን ከነካ በቂው ነው። ሄርበርስታይን ይህን የጻፈው ስለ ቁል ሸሪፍ ብቻ ሳይሆን ስለ ማዕረጉ ነው። ቁል ሸሪፍ የተቀመጠበት ወንበር ግን ይኸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለድርድር ሲላክ የሚሄደው የአገሩን ክብር ተሸክሞ ነው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ገጣሚው። ካዛን የግጥም ከተማ ነበረች። ቁል ሸሪፍ በኖረበት ዘመን ሙሐመድያር የሚባል ትልቅ ገጣሚ እዚያው ይጽፍ ነበር። የቁል ሸሪፍ ግጥሞች መንፈሳዊ ናቸው። ስለ ነፍስ፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ንስሐ ይናገራሉ። አንድ ረዘም ያለ ሥራ አለው፣ ሑቢ ኾጃ ስለሚባል ቅዱስ ሰው የሚተርክ። ሑቢ የታዋቂው ሱፊ የሐኪም አታ ልጅ ነው። የልጁ ጸጋ ከአባቱ ይበልጣል። ሁለቱ በአንድ ቤት መኖር ያቅታቸዋል። መጨረሻ ላይ ልጁ ይሰወራል። ታሪኩ ከመካከለኛው እስያ የመጣ ነው፣ የቁል ሸሪፍ ፈጠራ አይደለም። ታታሮች ግን በየመንደሩ በእጅ እየገለበጡ ለብዙ ዘመን አንብበውታል። ከተማው ሲቃጠል የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት አብረው ጠፉ። እነዚህን ያተረፏቸው የመንደር ገልባጮች ናቸው።

ከግጥሞቹ ይልቅ እኔን የሚስበኝ በ1550 የተጻፈ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ነው። ዛፈርናሜ ይባላል፣ የድል መጽሐፍ እንደማለት ነው። ጸሐፊው ራሱን ሸሪፍ ሐጂ ታርኻኒ ብሎ ይጠራል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ሰው ቁል ሸሪፍ ነው ይላሉ። የማይስማሙም አሉ። እኔ ከሚስማሙት ጋር ነኝ። በዚያች ከተማ፣ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ስም፣ በዚያ የእውቀት ደረጃ ሁለት ሰዎች ነበሩ ብሎ ከማሰብ አንድ ሰው ነው ማለት ይቀላል።

ጽሑፉ የተላከው ኢስታንቡል ለነበረው ለኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ነው። ሱለይማን ለኛም እንግዳ አይደለም። በ1557 ምፅዋን የያዘው የእሱ ጦር ነው። ጽሑፉ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ቆይቶ፣ በ1965 ዘኪ ቬሊዲ ቶጋን የሚባለው ታሪክ ጸሐፊ ቱርክ ውስጥ ለሕትመት አበቃው። ቶጋን ራሱ የቮልጋና የኡራል አካባቢ ሰው ነው። ባሽኪር ነው፣ ከቦልሼቪኮች ጋር ተጣልቶ አገሩን ጥሎ የወጣ።

ድሉ ምን ነበር? የሞስኮው ኢቫን አራተኛ፣ ኋላ አስፈሪው የተባለው፣ በየካቲት 1550 ካዛንን ከበበ። ገና 19 ዓመቱ ነው። 11 ቀን ቆየ። ከዚያ ያለወትሮው አየሩ ሞቀ፣ ዝናብ ጣለ፣ በረዶው ቀለጠ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። መድፍ ማንቀሳቀስ አልተቻለም። ኢቫን ጦሩን ሰብስቦ ተመለሰ። ዛፈርናሜ ይህን በደስታ ይተርካል። ስድ ንባቡ መሀል ግጥም ይገባል። የሱልጣኑ ስም በክብር ይነሳል። ለኔ ግን ከታሪክ መጽሐፍነቱ ይልቅ ዲፕሎማሲው ይበልጣል። እኛ እዚህ የእስልምና ዓለም ዳርቻ ላይ ቆመን እየተዋጋን ነው፣ አትርሱን ነው ነገሩ። እርዳታ በቀጥታ አልጠየቀም። ድል ተናግሮ እርዳታ ማሳሰብ የቆየ የዲፕሎማቶች ዘዴ ነው።

ከኢስታንቡል ግን ጦር አልመጣም። ቮልጋ ለኦቶማኖች ሩቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። ኢቫን በ1550 በጭቃው ውስጥ እያፈገፈገ ሳለ አንድ ክብ ኮረብታ አየ። ስቪያጋ የሚባለው ወንዝ ቮልጋ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። ከካዛን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል። እዚህ ምሽግ ቢሠራ ካዛን ታንቃ ትያዛለች ብሎ አሰበ። ቁል ሸሪፍ ካዛን ቁጭ ብሎ የድሉን መጽሐፍ በሚጽፍበት ዓመት፣ የተሸነፈው ወጣት የሚቀጥለውን ጦርነት አቅዶ ነበር። ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል።

ምሽጉ የተሠራበት መንገድ ራሱ ጉድ ነው። በክረምቱ ከላይ በቮልጋ በኩል፣ ኡግሊች አካባቢ ካለው ደን እንጨት ተቆረጠ። ግድግዳው፣ ግንቡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር እዚያው ተሰናድቶ ምልክት ተደረገበት። ከዚያ እንደ ተገጣጣሚ ቤት ተፈታትቶ ወንዙ ላይ ተለቀቀ። በግንቦት 1551 ኮረብታው ጋ ደረሰ። በአራት ሳምንት ውስጥ ከተማ ሆኖ ቆመ። ስሙን ስቪያዥስክ አሉት።

ከዚያ በኋላ ጥይት ብዙም አላስፈለገም። የሞስኮ ሰዎች ወንዞቹን ዘጉ። ጀልባ አይገባም፣ አይወጣም። ንግድ ቆመ። በቮልጋ ቀኝ በኩል ያሉት ቹቫሾችና ማሪዎች ምሽጉን ሲያዩ ለሞስኮ ገቡ። ካዛን ውስጥ የነገሠው ኡታሚሽ ጊራይ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ሳፋ ጊራይ በ1549 ሞቷል። በልጁ ስም የምታስተዳድረው እናቱ ስዩምቢኬ ናት። አጠገቧ ኮሻክ የሚባል የክሪሚያ ሰው ከነጦሩ አለ። ሕዝቡ ሲራብ ቁጣው በክሪሚያዎቹ ላይ ዞረ። ኮሻክ 300 ሰው ይዞ ለማምለጥ ወጣ፣ መንገድ ላይ ተያዘ፣ ሞስኮ ወስደው ገደሉት።

ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀረች። ያኔ ነው ቁል ሸሪፍ የሚነሳው። የሩሲያ ዜና መዋዕሎች ወደ ስቪያዥስክ ከመጡት የካዛን መልእክተኞች መሀል ሙላህ ቁል ሸሪፍን በስሙ ይጠሩታል። የጠላት መዝገብ ነው እንግዲህ። ማጋነን አያስፈልገውም፣ ማን እንደመጣ ብቻ ይጽፋል።

ስምምነቱ መራራ ነበር። አንደኛ፣ ሻህ አሊ ለሦስተኛ ጊዜ ካን ይሁን። ሁለተኛ፣ ሕፃኑ ኡታሚሽና እናቱ ለሞስኮ ይሰጡ። ሦስተኛ፣ ካዛን ውስጥ በባርነት ያሉ ሩሲያውያን ይለቀቁ። ነፃ የወጡት 60 ሺህ ነበሩ ይላሉ ዜና መዋዕሎቹ። ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ አርሙት። ብዙ ሰው ግን ወደ ቤቱ ተመልሷል፣ ይሄ የሚናቅ ነገር አይደለም። በነሐሴ ወር ስዩምቢኬና ልጇ በጀልባ ተወሰዱ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ነሐሴ 14 ቀን ካዛንካ ወንዝ አፍ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ታታሮቹ ቁሩልታይ ይሉታል። ሦስት ወገን ቀረበ። የሃይማኖት አባቶቹን የመራው ቁል ሸሪፍ ነው። ከመኳንንቱ ኹዳይ ቁል፣ ከትልልቆቹ ቤቶች ደግሞ ኑር አሊ ሺሪን ነበሩ። እዚያ ላይ የሞስኮ ሰዎች ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። ቀኝ ዳርቻው፣ የተራራው ወገን የሚባለው አገር፣ አይመለስላችሁም አሉ። የካዛን ግማሽ ማለት ነው። ተሰብሳቢው ተቆጣ፣ ተከራከረ፣ ብዙ ተባለ። ግን ሕፃኑ ካን ሄዷል። ወንዙ ተዘግቷል። በመጨረሻ ማሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና የራሴን ልናገር። ቁል ሸሪፍ ዛሬ የሚታወቀው ሰይፍ ይዞ በመሞቱ ነው። ሥዕሎቹም ግጥሞቹም ስለዚያች ቀን ናቸው። ለኔ ግን ትልቁ ቁል ሸሪፍ የነሐሴ 1551ዱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የድል መጽሐፍ የጻፈ ሰው፣ ካን ሳይቀር እጁን የሚነካው ሰው፣ የገዛ አገሩን ካን አሳልፎ የሚሰጥ ውል ላይ ተቀምጦ ይደራደራል። የሚያስጨበጭብ ነገር አይደለም። ዘፈን አይወጣለትም። ግን ከተማው እንዳይራብ፣ ደም እንዳይፈስ የነበረው የመጨረሻ መንገድ ያ ነበር፣ እሱም ሄደበት። ያኔ ከሃዲ ያሉት ሰዎች ጠፍተው ነው? አይመስለኝም።

ውሉን ያፈረሰው ደግሞ የካዛን ግትርነት ብቻ አይደለም። ሻህ አሊ ሁለቱንም ወገን ማስደሰት አቅቶት ከሁለት ያጣ ሆነ። ተቃዋሚዎቹን ግብዣ ጠርቶ 70 ያህል መኳንንት አስገደለ። ሞስኮ ደግሞ ካኑንም ትታ በቀጥታ በራሷ እንደራሴ መግዛት አማራት። በመጋቢት 1552 ሻህ አሊ ዓሣ ላጠምድ ነው ብሎ ወጣ፣ 84 የከተማውን ታላላቅ ሰዎች ይዞ ስቪያዥስክ ገባና አስረከባቸው። የሞስኮ እንደራሴ ወደ ካዛን ሲቃረብ ከተማው በሯን ዘጋች። ከአስትራካን ካኖች ቤት ያዲጋር ሙሐመድ ተጠርቶ ነገሠ። ከዚህ በኋላ የሚደራደሩበት ነገር አልቀረም።

ከበባውን ባጭሩ ልለፈው። ነሐሴ 23 ተጀምሮ በዚያ ዘመን አቆጣጠር ጥቅምት 2 አለቀ። ኢቫን 22 ዓመቱን የሞላው እዚያው ድንኳን ውስጥ ሆኖ ነው። ዜና መዋዕሎች 150 ሺህ ሰውና 150 መድፍ ይላሉ፣ የዛሬ ተመራማሪዎች የሰውን ቁጥር ይቀንሱታል። ቪሮድኮቭ የሚባለው ሰው 13 ሜትር ገደማ የሚረዝም የእንጨት ግንብ ሠርቶ በሌሊት ወደ አጥሩ አስጠጋ። ከላዩ ላይ ሆነው ቁልቁል ይተኩሳሉ። በመስከረም መጀመሪያ ከተማው በስውር ውኃ የሚቀዳበትን መተላለፊያ ከሥሩ ቆፍረው በባሩድ አፈረሱት። ጥቅምት 2 ጠዋት ደግሞ አጥሩ ራሱ ሁለት ቦታ ላይ ፈነዳ።

ቀጥሎ የሆነውን የምናውቀው ከልዑል አንድሬ ኩርብስኪ ነው። የሩሲያ ጦር አዛዥ ነበር፣ 24 ዓመት ገደማው፣ እዚያው ቆስሏል። በ1564 ከኢቫን ሸሽቶ ሊትዌኒያ ገባና ያየውን ጻፈ። ኢቫንን ይጠላዋል፣ ታታሮቹንም አይወድም። እንዲህ ይላል፦ በከተማው መሀል ወዳለው ሸለቆ ስንደርስ የሃይማኖት አባቶቻቸውና ሙላዎቻቸው ከታላቁ አለቃቸው ከቁል ሸሪፍ ሙላህ ጋር ወጡብን። እስከ መጨረሻው ተዋጉ፣ ሁሉም ሞቱ። ሌላ ቦታ ላይ አንድ ሰይድ እንዲህ ሲሞት ጠላቱ በስሙ መመዝገቡን አላስታውስም።

ኩርብስኪ ስለቀሩት ተከላካዮችም ይናገራል። ካናቸውን ያዲጋርን በግንቡ አናት ላይ ይዘውት ወጡ። አገራችንና ዙፋናችን ቆሞ ሳለ ስለሱ ሞተናል፣ አሁን ካኑን በሕይወት ውሰዱት፣ እኛ ሜዳ ወጥተን የመጨረሻውን ጽዋ ከናንተ ጋር እንጠጣለን አሉ። ሰጡት፣ ከአጥሩ ወረዱ፣ እየተዋጉ አለቁ። ያዲጋር ተጠምቆ ስምዖን ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ታታሮች ከግንቡ ከተማ ወጡ። መስጊዶቹ ፈረሱ። በ1555 ካዛን ሊቀ ጳጳስ ተሾመላት። ታታሮቹ ከአጥሩ ውጭ ሰፈሩ። ካዛን ውስጥ የድንጋይ መስጊድ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በካትሪን ሁለተኛ ጊዜ ነው። ያ መስጊድ አሁንም አለ። መርጃኒ ይባላል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ያሰግድ በነበረው ሊቅ ስም። ሺሃቡዲን መርጃኒ ደግሞ የካዛንን ታሪክ በታታርኛ ሲጽፍ ቁል ሸሪፍን ከነመድረሳው አነሳው።

በሶቪየት ጊዜ ስለ ካናቱ፣ ማለትም ስለ ካዛን ካኖች መንግሥት፣ መጻፍ ያስቸግር ነበር። ካናቱን በጥሩ ዓይን ያየው ሚኻይል ኹድያኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ምሁር በ1936 ተረሸነ። በ1944 የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ታታሮች የወርቃማው ሆርድን ዘመን ያሞግሳሉ ብሎ ውሳኔ አወጣ። ቁል ሸሪፍን በአደባባይ ማንሳት የተቻለው በ1990ዎቹ ነው።

በ1995 የታታርስታን ፕሬዚዳንት ሚንቲመር ሻይሚየቭ በቁል ሸሪፍ ስም የሚጠራው መስጊድ በካዛን ክሬምሊን፣ በድሮው ምሽግ ውስጥ፣ እንደገና እንዲሠራ ወሰነ። ሰኔ 24 ቀን 2005 ተመረቀ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከ50 ሜትር በላይ የሚረዝሙ አራት ሚናራዎች አሉት። እንደገና የሚለውን ቃል ግን አትመኑት። የድሮው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድም ሥዕል አልተረፈም። ስምንት ሚናራ ነበረው የሚል አፈ ታሪክ አለ። የሞስኮው የቅዱስ ባስልዮስ ካቴድራል ጉልላቶች የተቀዱት ከሱ ነው የሚሉም አሉ። ካቴድራሉ የካዛን ድል መታሰቢያ መሆኑ እውነት ነው። ጉልላቶቹ የመስጊዱ ናቸው የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። የአዲሱ መስጊድ ጉልላት የካዛን ዘውድ የሚባለውን ቆብ ቅርጽ ይዟል። ዘውዱ ራሱ ሞስኮ ክሬምሊን ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው።

ከመስጊዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ከድሉ ጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠራው የብሥራት ካቴድራል ቆሟል። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ቱሪስቶች ሁሉ ያነሱታል። የመቻቻል ምልክት ነው ይላሉ አስጎብኚዎቹ። ይሁን። ከክሬምሊን ሥር ካዛንካ ወንዝ ውስጥ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለሞቱት የሩሲያ ወታደሮች የተሠራ ፒራሚድ መሰል የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ለከተማው ተከላካዮችም ሐውልት ይቁም የሚለውን ጥያቄ የታታር አክቲቪስቶች ለዓመታት ሲያነሱት ቆይተዋል። ከ1989 ጀምሮ በየጥቅምቱ የመታሰቢያ ቀን ያደርጉ ነበር። ዋናው አዘጋጅ ድርጅት በ2022 በፍርድ ቤት ፈረሰ። በስሙ ትልቅ መስጊድ ተሠርቶለት፣ የሞተበትን ቀን አደባባይ ወጥቶ ማሰብ የሚከብድበት ሰው ነው እንግዲህ።

ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት አንዱን ቀድሜ ልመልሰው፣ ስለ ካዛን በተናገርኩ ቁጥር የሚነሳ ስለሆነ። አይ፣ ስዩምቢኬ ራሷን ከግንብ አልወረወረችም። በስሟ የሚጠራው ሰባት ፎቅ ግንብ የተሠራው እሷ ከሄደች ብዙ ቆይቶ ነው። እሷን ለሻህ አሊ ዳሯት። ልጇ ኡታሚሽ ተጠምቆ አሌክሳንደር ተባለ፣ በ1566 ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ሞተ፣ የሞስኮ መሳፍንት በሚቀበሩበት ካቴድራል ተቀበረ። ሌላ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።